የተፈታው መቀነት

ዳግማዊት እጇን ወደ ጎን ሰደደች። ፍራሹ ቀዝቅዟል።

ዓይኗን ሳትገልጥ እንደገና ዳበሰች። ትራሱን አገኘች፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ አገኘች፤ ኪሩን ግን አላገኘችም። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድሟ ሊነጋጋ ሲል ተረከዙ ሁልጊዜ ጉንጯ ላይ ነበር የሚገኘው። ዛሬ የረገጣት የለም። ክው ብላ ተነሳች።

ኪሩ ወደ እሷ አልጋ ከመጣ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። እናታቸው ሰርካለም ስትወልድ፣ ከእቅፏ ወጥቶ ከእህቱ ጋር እንዲያድር ተፈረደበት። የተፈረደውስ በዳግማዊት ላይ ነው! ይህ ልጅ ተኝቶም አይተኛም። ይራገጣል፣ ይሽከረከራል፣ ከራስጌ አስተኝተውት ከግርጌ ይገኛል። ሁለቴ ከአልጋ ወድቆ ግንባሩ ካበጠ በኋላ፣ እናቷ ወገቧን የታጠቀችውን ረጅም መቀነት ፈትታ ሰጠቻት።

«አንዱን ጫፍ በወገቡ፣ ሌላውን በእጅሽ እሰሪው። ሲነሳ ይቀሰቅስሻል።»

በእርግጥም ይቀሰቅሳታል፤ በአንድ ሌሊት አምስቴ ስድስቴ። በተነሳ ቁጥር እያለቀሰ ወደ እናቱ በር ይሮጣል። እህቷን ልታርስ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችው አክስታቸው ባንቺአየሁ ደግሞ በሩ ላይ ትቀበለዋለች። «የሚያለቅስ ልጅ አራስ ቤት አይገባም!» ትለውና አንጠልጥላ ትመልሰዋለች።

ትናንት ማታ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ ነበር። የዳግማዊት ዓይን በእንቅልፍ እጦት በርበሬ መስሏል። ኪሩ እንደተኛ ቋጠሮውን ከእጇ ፈታች፤ ከወገቡም ፈታችና መቀነቱን ወደ ግርጌ ወረወረችው። «አንድ ሌሊት ምን ያመጣል?» ብላ ድብን ብላ ተኛች።

አሁን መቀነቱም የለም።

ከአልጋዋ ሥር አየች። ከበሩ ኋላ አየች። «ኪሩ!» አለች በሹክሹክታ። ጮክ ብላ ብትጠራው እናቷ ትሰማለች። እታባ ባንቺአየሁ ደግሞ በመጣች ዕለት ያወጀችው ሕግ አለ። «ስሚ ልጄ፣ አራስ ደነገጠች ማለት ጡቷ ነጠፈ ማለት ነው። የጨቅላውን ጉሮሮ እንዳትዘጊ!»

ቀስ ብላ ወደ ሳሎን ወጣች። የእናቷ በር ገጠም ብሏል። የውጭው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። እታባ ለፈተናዋ ጧፍ ላብራልሽ ብላ በጠዋቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ግቢው ውስጥ ውሃ ይንሿሿል። በሰፈራቸው ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጣው። እታባ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከትታው ሄዳ፣ በርሜሉ ሞልቶ ይፈሳል። ከሥሩ ባልዲ ተደፍቷል። ኪሩ ባልዲ ላይ ቆሞ ውሃ መንቦራጨቅ እንደሚወድ ዳግማዊት ታውቃለች።

«አይሆንም፣ አይሆንም» እያለች ተጠጋች። ገና ስላልነጋ ውሃው ጥቁር ነው። እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ምንም የለም። እስከ ብብቷ ከተተች። ጣቶቿ አንድ ለስላሳ ነገር ነኩ።

ጎትታ አወጣችው። አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ነው። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ከዚያ ወደ መንገዱ ሮጠች። ጎረቤታቸው አያ ዳኛው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ።

«አያ ዳኛው፣ ኪሩን አላዩትም?»

«ኧረ አላየሁም። ምነው በባዶ እግርሽ? ምነው እናቱን አትጠይቂያትም? ልጅ ከእናቱ ወዴት ይሄዳል?»

«እሷ ጋ ቢሆን ኖሮ ለቅሶው ይሰማ ነበር» አለች።

«እኔ ቁልቁል ልይልሽ፤ አንቺ ግቢና ንገሪያት» ብለው መቋሚያቸውን እያነሱ ፈጠን ፈጠን አሉ።

ዳግማዊት የእናቷ በር ላይ ቆመች። እርጥብ እጅጌዋ ይንጠባጠባል። እታባ በሩን ክፍት ትታ ሄዳ ነው ልትል ትችላለች፤ ውሸትም አይደለም። የመቀነቱን ነገር ማንም አያውቅም። ግን እናቷ ከመቼ ጀምሮ ጠፋ ብትላትስ? አሁን እያሰበች በቆመችበት ሰዓትስ ኪሩ የት ደርሶ ይሆን? በሩን ገፋችው።

«ዳጊ? ተነሳሽ እንዴ?» አለች ሰርካለም፣ ጨቅላውን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች።

«እማ፣ ኪሩ የለም። እታባ በሩን...» ብላ ጀመረችና አቆመች። «መቀነቱን እኔ ነኝ የፈታሁት። ማታ፣ ልተኛ ብዬ። መቼ እንደወጣ አላውቅም።»

ሰርካለም አልጮኸችም። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ጨቅላውን አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ይዛ እግሯን ከአልጋው አወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ ደንገጥ አለች።

«ምንድን ነው የረገጥኩት?»

ዳግማዊት ጎንበስ አለች። የመቀነቱ ጫፍ ነው፤ ከአልጋው ሥር ብቅ ብሏል። ሳብ አደረገችው። ከወዲያ በኩል የያዘው አለ።

በደረቷ ተኝታ አየች። ኪሩ ከሻንጣው ጎን ተጠቅልሎ፣ መቀነቱን አቅፎ፣ አፍንጫውን ውስጡ ቀብሮ ተኝቷል። አይራገጥም፣ አይሽከረከርም። ዳግማዊት እንዲህ ረግቶ ሲተኛ አይታው አታውቅም። እታባ ስትወጣ ሾልኮ ገብቶ መሆን አለበት።

«ኪሩዬ!» አለች ዳግማዊት። ነፍሷ አሁን ገና ተመለሰች።

ዓይኑን ገለጠ። እሷን አየ፤ ልትወስደው የመጣች መሰለውና መቀነቱን አጥብቆ ያዘ።

«አላለቅስም» አለ በትንሽ ድምፅ። «እዚህ። አላለቅስም።»

ሰርካለም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እታባ ባንቺአየሁ ከአያ ዳኛው ሰምታ እያለከለከች ስትገባ፣ ዳግማዊት ከበርሜሉ እስከ መቀነቱ ሁሉንም ነገረቻት። እታባ ሦስቴ አማተበች። «በሩንስ እኔው ነኝ የተውኩት» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ወደ ጠባይዋ ተመለሰች። «ዛሬ ማታ ግን ጠበቅ አድርጌ የማስረው እኔ ራሴ ነኝ!»

ዳግማዊት ክፍሏ ገብታ ፍራሹን ጠቀለለችና መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ከእናቷ አልጋ ጎን ዘረጋችው። አንድ ትራስ ከራስጌ፣ አንድ ደግሞ ከግርጌ አደረገች፤ ኪሩ ሌሊቱን የት እንደሚደርስ ታውቃለችና።

«ምነው ልጄ? አራስ ቤት ውስጥ?» አለች እታባ።

«አላለቅስም ብሏል» አለች ዳግማዊት፤ ዩኒፎርሟን ልትለብስ ሄደች።