የልብስ ሶማልኛ

ሸዋዬ ዓናብን የተቀየመቻት በሃይማኖት ነው። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የሰው ልብስ አብረው አጥበዋል። ዓናብ እጇ አረፋ ውስጥ እያለ፣ «እባክሽ ስለሚ፤ ያላንቺ ጀነት ገብቼ ከማን ጋር ላወራ ነው?» ትላታለች። ሸዋዬ ለመመለስ አፏን ስትከፍት ግን ዓናብ የምታሰጣው ልብስ አለኝ ብላ ትነሳለች።

«የሷን ስብከት ጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ የኔን አንድ ጉንጭ አልቀመሰችም» እያለች ሸዋዬ ትብከነከናለች። ፊደል በቅጡ ሳትቆጥር ከወሎ የመጣች ክርስቲያን ሴት ናት። ሶማልኛዋም የልብስ ሶማልኛ ነው፤ ስለ ሳሙና፣ ስለ እድፍ፣ ስለ ማስጫ ገመድ ያወራል እንጂ ስለ ነፍስ የሚሆን ቃል የለውም። ቢሆንም ያመነ ሰው መናገር አለበት። ጌታ በመጨረሻው ቀን «ጎረቤትሽስ?» ሲላት፣ «ልብስ እያሰጣች ነው» ልትለው ነው?

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት የመንግሥትና የአማፅያን ጦርነት ከተማው ውስጥ ገባ። የመንግሥት አውሮፕላኖች ከራሱ ከከተማው ኤርፖርት እየተነሱ ከተማውን ደበደቡት። የቤታቸው ቆርቆሮ ተገንጥሎ የዓናብን ባት ሰነጠቀው። ሸዋዬ ቁስሉን በትራስ ልብስ ጠፍንጋ አሰረች፣ የውሃ ጀሪካኗን አንጠለጠለች፣ ዓናብን ደግፋ ከሚሸሸው ሕዝብ ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ነጎደች። ዓናብ ስለምታነክስ ሕዝቡ ጥሏቸው ሄደ።

ቀትር ላይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ከገደሉ ጥላ ስር ተቀመጡ።

«ዓናብ፣ ዛሬ ትሰሚኛለሽ። የምታሰጪው ልብስ የለም።»

«እሺ፣ ተናገሪ።»

«አንድ ሰው ነበረ...»

ምድሩ አጉረመረመ። ዓናብ ሰማዩን አየች። «አውሮፕላን ነው?»

አውሮፕላን አልነበረም። ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ፣ የግራር ግንድ እየገፋ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ሸዋዬ ዓናብን በብብቷ ይዛ ጎተተች፤ በእሾህ እየተቧጨረች ገደሉን ቧጥጣ ወጣች። ጀሪካኑን ጎርፉ ወሰደው። ውሃው ሲጎድል ከጭቃው በእፍኛቸው ጠጡ፤ ይዘው የሚሄዱበት ዕቃ ግን አልነበራቸውም።

«ሰውየውስ?» አለች ዓናብ።

«የቱ ሰውዬ?»

«አንድ ሰው ነበረ ያልሽው።»

«ተዪኝ እባክሽ።»

ጀንበር ስትጠልቅ የደሙ ሽታ ጅብ ጠራ። ሸዋዬ ዓናብን ከኩይሳ አስደግፋ፣ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ሰብራ ፊት ለፊት ቆመች። ትልቁ ጅብ ዘሎ የቀሚሷን ጫፍ ቀደደው። አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። እሾሁ ተሰክቶበት እየጮኸ ሸሸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ለጅቡ ንገሪው» አለች ዓናብ። «እሱ ይሰማሻል።»

ሸዋዬ ከንዴቷ የተነሳ አለቀሰች።

በማግስቱ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ሲጣበቅ ብርካ አገኙ፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ። ዙሪያውን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልተናገሩም።

«አንቺ ጠጪ» አለ አንዱ ዓናብን። «ሀበሻዋ ትሂድ። ለኛም አይበቃም።»

«እህቴ ናት።»

«ፊቷ እንደሱ አይልም።» አፈሙዙን ሸዋዬ ደረት ላይ አስጠጋ። ሸዋዬ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ዓናብ አልተከራከረችም። እያነከሰች ወረደች፣ ጠጣች፣ «ፀሐዩ ራሴን አዞረኝ» ብላ ሻሿን ነከረችና ውሃ እንዳዘለ ጠመጠመችው። ሰዎቹ ከዓይን ሲርቁ ፈታችው።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ጨመቀችላት። ዕድሜ ልኩን አንሶላ የጠመዘዘ እጅ ነው፤ ጠብታ አላስቀረም።

ከዚያ ወዲያ የዓናብ እግር እምቢ አለ። ሸዋዬ አዘለቻት።

«እንግዲህ የትም አትሄጂም» አለቻት። «ልብሴ ቆሽሾ ነበር። ባጥበው ባጥበው እድፉ አልለቅ አለ። አንድ ጌታ መጣ፤ የራሱን ነጭ ልብስ አውልቆ አለበሰኝ፣ የኔን እድፋም እሱ ለበሰው። ከዚያ ሰቀሉት።»

«ልብሱን?»

«እሱን።»

«ገመድ ላይ?»

«እንጨት ላይ፣ በሚስማር። ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። እናንተ ዒሳ የምትሉት ነው። የሱን ልብስ የለበሰ ሁሉ መጨረሻ ላይ ቤቱ ይገባል። እዚያ መጠማት የለም፣ መሰደድ የለም። ይህን እያወቅኩ ላንቺ ሳልነግርሽ ብገባ፣ በምን ፊቴ አየዋለሁ?»

የዓናብ ራስ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ሸዋዬ «ለሬሳ ኖሯል የማወራው» ብላ ቆመች።

«ምነው ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለች ዓናብ ከጀርባዋ።

«መቼ አስወራሽኝ?» አለች ሸዋዬ።

ከቀዩ ሜዳ ማዶ የስደተኞቹ ድንኳኖች ታዩ። ዓናብ አመንኩ አላለችም፤ ሸዋዬም አልጠየቀቻትም።

«እንጨት ላይ ያልሽው አልገባኝም» አለች ዓናብ።

ሸዋዬ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አመቻቸቻትና ከመጀመሪያው ጀመረች። ድንኳኖቹ ጋ ሲደርሱም ገና አልጨረሰችም ነበር።