በግራ በኩል የመጣችው ፈትሂያ

ወላሂ እውነት ነው! እኔ አለምነው የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ መካነ ሰላም ላይ ግን እውነት ሲነገር ወላሂ ነው የሚባለው፤ ሰው ከተጠራጠረ ደግሞ በማርያም ይጨመርበታል። እንግዲህ ሁለቱንም ምያለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ፣ ከተማውም "ውሸታሙ" የሚል ማዕረግ እንደሰጠኝ አልደብቅም። ለአንድ የደሴ ነጋዴ የክረምት ጉማችንን ሳስረዳው፣ "ዱላህን ታስደግፍበትና ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ዱላው ሳይወድቅ ይጠብቅሃል" ብዬው፣ ሰውየው የምሩን ዱላ ሊዋስ ወጥቶ ነበር። ይህን ግን እንደዚያ እንዳትሰሙት። በዓይኔ ያየሁት አለ፤ ያላየሁትንም ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቼዋለሁ። ስጽፈው እንኳ ያ ፍርሃት ከጀርባዬ ቆሞ የሚያነብ ይመስለኛል...

የሼህ አብዱልጀሊል ቤት ከከተማው መውጫ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሼሁ ቁርአን ያስቀራሉ፤ በዚያ ሰፈር ዛሬ ጢም ያበቀለ ወንድ ሁሉ የመጀመሪያዋን ፊደል የተቀበለው ከሳቸው አፍ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዙሀራ ናቸው። አላህ የሰጣቸው ሁለት ልጆች ነው። ትልቁ ሰዓድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከከላላ እህል እየጫነ ያመጣል። ታናሿ ፈትሂያ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ፣ ወረቀት የለሽም ተብላ ታስራ፣ በስንት መከራ የተመለሰች ናት። የገባች ቀን እትዬ ዙሀራ ልጃቸውን ከማቀፋቸው በፊት እንደ ጨቅላ ጣቶቿን ዳሰሱ፤ ጆሮዎቿን ዳሰሱ፤ አንገቷን ዳሰሱ። "ሙሉ ነሽ? ያጎደሉብሽ ነገር የለም?" እያሉ አለቀሱ። አይ እናት! ከባሕር ማዶ የተረፈች ልጅ ከእንግዲህ ምን ይነካታል? ማንስ ከደጃፏ ላይ ይወስድብኛል ብሎ ይፈራል?

ፈትሂያ ከመታሰሯ በፊት በካርጎ የላከቻቸው ሁለት ዕቃዎች ነበሩ። አንዱ የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ሌላው ቀይ ብስክሌት! የአሠሪዋን ልጅ በግቢ ውስጥ ብስክሌት ስታለማምድ፣ ከኋላ እየሮጠች ስትደግፍ፣ ባለቤቶቹ ሲተኙ ራሷም ለምዳ ነበር። ሂጃቧን አጥብቃ፣ የዳቦ ካርቶኑን ከኋላ አስራ፣ በየመንገዱ ዳር ላሉት ሻይ ቤቶች ዳቦ ማድረስ የጀመረች ሰሞን ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። አህዮቹ ጭነታቸውን እንደያዙ ዳር ወጥተው አሳለፏት፤ ሾፌሮቹ ግን አላሳለፏትም። ሚኒባሱ በስንዝር ርቀት ሽው ብሎባት ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚሷን ወደ ጎማው ይጎትተዋል። የጭነት መኪና ከኋላዋ ደርሶ ክላክሱን ሲያስጮህባት ልቧ አፏ ውስጥ ትገባለች። "ውረጂ ከመንገዱ! መንገዱን ባልሽ ነው የሠራው?" ይሏታል። እሷም፣ "ባል ቢኖረኝማ በመኪና አስጭነው ነበር!" ትላለች። ታስቃለች። ግን ቤት ስትገባ እጆቿ ከመሪው ላይ የተላቀቁ አይመስሉም ነበር፤ እንደተጨበጡ ይቀራሉ።

እትዬ ዙሀራስ? ሁለት ልጅ፣ አንድ መንገድ! አንዱ በብረት ተራራ ላይ፣ አንዷ በሁለት ቀጭን ጎማ ላይ! ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ ይቆሙና ጆሯቸውን ወደ ዳገቱ ይጥላሉ። መኪና ሲመጣ ይፈራሉ። ሳይመጣ ሲቀርም ይፈራሉ። ድንገት ፍሬን ሲንጫጫ የያዙት ዕቃ ከእጃቸው ይወድቃል።

አንድ ማታ እራት ላይ ፍርሃታቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

"ሼሁ፣ ለዚች ብስክሌት አንድ ነገር ይበሉኝ። አልተኛ አልኩ እኮ።"

"ብያለሁ" አሉ ሼሁ። "ግራሽን ያዢ ብያታለሁ።"

ሼሁ ይህን ያመጡት ከሜዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሀምዱ የሚባል ተማሪያቸውን መንገድ ዳር ሲሄድ ከኋላው የመጣ መኪና ገድሎታል። በእጃቸው ነው ከመንገዱ ያነሱት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ "ግራችሁን! መኪናውን ፊት ለፊት እዩት!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለእግረኛ ትክክል ነው። በዚህ ቃል ስንት ልጅ ተርፏል!

ሰዓድ ግን ጉርሻውን አስቀመጠ። "አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግራ የእግረኛ ነው። ብስክሌት እንደ መኪና ቀኙን ነው የሚይዘው። መንጃ ፈቃድ ስንማር እኮ..."

"ያ አስተማሪህ ስንት ልጅ ቀብሯል?" አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ ሀምዱን ቀብሬያለሁ። ከኋላ የሚመጣ ሞት አይታይም፣ ልጄ። ፊት ለፊት ያየችውን ትሸሸዋለች።"

ፈትሂያ ሳቀች። "እንግዲያ መሀሉን ልያዝና ሁለታችሁም ደስ ይበላችሁ!"

"ያ አላህ! ተይ ቀልዱን!" አሉ እትዬ ዙሀራ። ሰዓድ አንገቱን ደፋ። በዚያ ቤት የሼሁን ቃል ሁለት ጊዜ የሚመልስ አልተወለደም።

ውጭ ሲወጡ ግን ክንዷን ያዛት። "ስሚ፣ አባ እስከሚያዩሽ ድረስ በግራ ሂጂ፤ ከዚያ ተሻገሪ።"

"ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ስሜ፣ ዱዓ አድርገውልኝ ነው የምወጣው። ከጀርባቸው ቃሌን ልብላ?"

"ግትር!"

"አንተስ? ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተህ እንደምትወርድ ልንገርልህ?"

"ናፍጣ የት አለና! አንቺ ነሽ ሰልፍ የምታድሪልኝ?"

"እንግዲያ አንተ የኔን ዝም በል፤ እኔም ያንተን ዝም እላለሁ።"

ተሳሳቁ፤ እጅ ለእጅ ተመታቱ። አዬ ጉድ! እያንዳንዳቸው የሌላውን መሞቻ ያውቁ ነበር! በፍቅር ደበቁት፣ በመከባበር ደበቁት። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን እንደ ድንጋይ እንደሚደርቅ፣ መሪም እንደሚከብድ ሰዓድ አያውቅም? ያውቃል! መኪናው ድምፁን አጥፍቶ ሲመጣ መንገደኛ እንደማይሰማው አያውቅም? ያውቃል! ግን የሰው ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ቢያደርግማ ኖሮ መቃብር ቆፋሪ በረሃብ ባለቀ ነበር።

ሐምሌ ነበር። ከመታጠፊያው በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ የሚኖሩት እማማ በዛች አርፈው፣ ደጃፋቸው ላይ ሸራ ተወጥሮ ለቀስተኛ ተቀምጧል። በኛ አገር እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን ለቅሶ ይቀመጣል፤ እትዬ ዙሀራም፣ "ለለቀስተኛው ዳቦ አድርሺ" ብለው ልጃቸውን ላኩ። ራሳቸው ላኳት! ፈትሂያ የአባቷን እጅ ሳመች፤ ካርቶኑን አሰረች፤ ብርድ ስለነበር ሻሿን በጆሮዋ ላይ ደርባ ጠመጠመች፤ ዳገቱን በግራዋ ይዛ ተያያዘችው።

በዚያው ሰዓት እኛ ከላይ እየወረድን ነበር። እኔ ለመሳፈሪያ ስለሌለኝ ከጤፉ ጆንያ አናት ላይ ተጋድሜያለሁ። ሰዓድ ቁልቁለቱ ጫፍ ሲደርስ ማርሹን አወጣና ሞተሩን አጠፋ። ሁሉም ነገር ዝም አለ... ጎማው ብቻ "ሽሽሽ" ይላል። ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ ፊታችን ላይ ይለጠፋል። የራሴን እግር አላየሁትም። ውሸታም ሰው አይፈራም ያለው ማነው? ጆንያውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም መጨረስ አቃተኝ።

መታጠፊያው ላይ ሾፌር ሁሉ ክላክስ ያሰማል፤ ሰዓድም ሁልጊዜ ያሰማ ነበር። ዛሬ ግን ከጉሙ ውስጥ የለቅሶው ሸራ ብቅ አለ፤ የሴቶቹ ሙሾም ተሰማ። ለቀስተኛ አጠገብ ክላክስ ማስጮህ ነውር ነው! ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ እጁ ክላክሱ ላይ ደርሶ ነበር። አነሳውና ደረቱ ላይ አደረገው። ለሟቿ አክብሮት ሲል! ቀኙን ይዞ፣ ሳይጮህ፣ ታጠፈ።

ነጭ... ነጭ... ነጭ... ከዚያ ቀይ!

"ፈትሂያ!" ያለው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ፍሬኑን ረገጠው፤ አልሰጥም አለው። መሪውን ሊጠመዝዝ ታገለ፤ ከበደው። አላህ ሆይ፣ ሕግ አክብሮ በቀኙ ወረደ፤ አባቷን አክብራ በግራዋ ወጣች፤ ሁለቱም በአንድ ጠርዝ ላይ ተገናኙ! እንደ አባቷ ቃል ሞትን ፊት ለፊት አየችው፤ የሚሸሹበት ጊዜ ግን የት አለ? ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ቆርቆሮ እንደመርገጥ ያለ። ከዚያ ዳቦዎቹ ብቻ ከጉሙ ውስጥ እየተንከባለሉ ቁልቁል ሄዱ፤ ማንም አላስቆማቸውም።

ለቀስተኛው ሙሾውን ጥሎ ሮጠ። ሌላ መኪና የለም፤ ሌላ ሾፌርም የለም። የገጫት ራሱ ነው ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት! ጆንያው ላይ አስተኙልኝ፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ያዝኩ። አሁን ሞተሩ ያገሳል፤ አሁን ክላክሱ ይጮሃል፤ ሳያቋርጥ፣ ሳያቋርጥ... ሰዓድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "አለምነው! ትናገራለች?" ይለኛል።

"ትናገራለች! ዓይንህን ከመንገዱ እንዳታነሳ!"

"በለመድከው አፍህ እንዳትዋሸኝ!"

"ትናገራለች አልኩህ! ንዳ!"

በደጃፋቸው ስናልፍ እትዬ ዙሀራ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የልጃቸውን መኪና አዩ፤ "አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ በሰላም ገባ" ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ... ይህን ማን ይችለዋል?

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ሰው ጣቱን አንገቷ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

ሰዓድ በእግሩ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ጉዳዩ እስኪታይ ተብሎ በዋስ ሲለቀቅ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አልቀመሰም። ከገደሉ ጫፍ ሁለት ጊዜ መልሰነዋል። ሼሁ ማስቀራት ተዉ። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እትዬ ዙሀራ በመሀላቸው እየተመላለሱ፣ ሁለተኛ ሬሳ ከዚህ ቤት የሚወጣበትን ቀን በፍርሃት ይጠብቃሉ።

ሽማግሌዎች መጡ። እንደልማዱ ሾፌር ሰው ሲገድል የገዳይ ወገን በበሩ በኩል፣ የሟች ወገን በጓዳው በኩል ተቀምጦ ነው የሚታረቀው። መሪያቸው አያ ሙሐሲን ስንት ደም አስታርቀዋል፤ ዛሬ ግን ምላሳቸው ታሰረ። "የሟች ወገን ወዲህ... የገዳይ ወገን..." ብለው ቀሩ። ሰዓድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሩ ስር ተንበረከከ። ሼሁ ከጓዳው በኩል ቀስ ብለው ተነሱ፤ ተሻግረው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

"ሼሁ፣ የርስዎ ቦታ እኮ ወዲህ ነው" አሉ አያ ሙሐሲን።

"አይደለም። ግራሽን ያዢ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔም የገዳይ ወገን ነኝ።"

"አባ ይተዉ! ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ! ለናፍጣ ብዬ የገደልኳት እኔ!"

"እኔ ነኝ አልኩህ!"

"ዝም በሉ!" እትዬ ዙሀራ ናቸው። ያን ድምፅ ከሳቸው ሰምቶት የሚያውቅ የለም። "በሕይወቷ መንገዱን ተሻማችሁባት፤ አሁን ደግሞ ሞቷን ትሻማላችሁ? ወደዚህ ብታዩ እኔ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት! ከማን ጋር ነው የምታረቀው? ማን ቀረኝ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አለምነው፣ ጭንቅላቷን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ለአላህ ብለህ ንገረኝ። ልጄ ምን አለች?"

ሁሉም አየኝ። ሰዓድም ከድንጋዩ ስር ቀና ብሎ አየኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "እትዬ፣ 'ሰዓድን እንዳትቆጡት፤ አባንም እንዳትቆጡ። እናቴን ደግፉልኝ' ነው ያለችው" አልኩ።

እትዬ ዙሀራ ተነሱ። ድንጋዩን ከልጃቸው ጫንቃ አንስተው ወደ ውጭ ወረወሩት፤ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ባላቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ዕለት በዚያ ቤት ያላለቀሰ ሽማግሌ የለም። ሰዓድ በማግስቱ ገንፎ ቀመሰ። ዛሬ፣ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ካበቃ ወዲህ፣ ቁልቁለቱን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ብስክሌት ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ያልፋል። ሼሁም የብስክሌት ልጆችን አስቁመው፣ "እናንተ እንደ እግረኛ አይደላችሁም፤ ቀኛችሁን" ይላሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ወይ ዕጣ ፈንታ! ክፉ ሰው ያለበትን ቤት ብታፈርሺ ማን ይወቅስሽ ነበር? አባት ለፍቅር፣ ልጅ ለአክብሮት፣ ወንድም ለይሉኝታ... ደግ ደጉን ሰብስበሽ ነው አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ያገናኘሽው!

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከራሴ ያመጣሁት አንድ ነገር ነው። ፈትሂያ ምንም አላለችም። ገና መታጠፊያውን ሳንርቅ ጭኔ ላይ ቀዝቅዛለች። ሰዓድ ግን ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው፣ እትዬ ዙሀራም ማታ የሚተኙት በዚያች ቃል ነው፤ ስለዚህ ይህን ለሰው የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።