ዛምራና የውኃው ቀንድ

በአዛሙር መንግሥት ታላቁ ምንጭ ደም መስሎ ቀላና ደረቀ። በዚያው ዕለት ዘንዶው ጉማር የውኃውን ቀንድ ሰርቆ ዋሻው ገባ። በዚያ ቀንድ ስሙን የጠራ ሰው ማሳው ውኃ ይጠጣል፤ የሌላውን ስም የጠራ ግን ድምፁን ያጣል። ሴትና መሬት አልባ ወጣት ደግሞ ቀንዱን እንዳይነኩ በሕግ ተከልክለዋል። ወይ ሕግ! የዛምራ እናት መበለቲቱ ጌራ ዕድሜዋን ሙሉ አፈር ስትቆፍር ኖራ አንድ ቀን ጠግባ አላደረችም።

ሰባት ጀግኖች ቀንዱን ሊያመጡ ሄደው ቀሩ። ያኔ ዛምራ አደባባይ ወጣች።

«እኔ እሄዳለሁ!»

ባላባቱ ደርጎስ ከት ብሎ ሳቀ። «ወንዶቹ ያልቻሉትን አንቺ?»

«ሳላመጣው ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፋረደኝ!»

ሸክላ ሠሪዋ ሊዛናና ተሸካሚው ኪዳር ተከተሏት። ዋሻው ውስጥ የሰባቱ አጥንት ቀንዱን ከቦ ተበትኗል፤ ጉማር አጠገቡ ተኝቷል።

«እዚህ ድረስስ በሰላም ደርሰው ነበር» አለች ሊዛና በሹክሹክታ። «ቀንዱን ሲይዙ ፎክረው ነው ዘንዶውን ያስነሡት። እኛን ደግሞ ማን ፉከራ አስተማረን?»

ዛምራ ጭራውን ተሻግራ ቀንዱን አነሣች። ኪዳር ደስታው አላስችል ብሎት «ዘራፍ» ሊል ሲል ሊዛና አፉን በሁለት እጇ ያዘችው። እንዲያ እንደያዘችው ወጡ።

ምንጩ ዘንድ ደርጎስ ከነጭፍሮቹ ጠበቃቸው፤ ሕዝቡም ተሰብስቧል።

«ጎበዝ ልጅ! የራስሽን ስም ጥሪና ቀንዱን ስጪኝ፤ እናትሽም ትጠግባለች።»

ዛምራ እናቷን አየች፤ ከኋላዋ የቆሙትንም ሴቶችና ወጣቶች አየች።

«ሌሎቹስ? አልሰጥህም!»

ቀንዱን ወደ አፏ አስጠጋች። «ጌራ! ሊዛና! ኪዳር!» የመበለቶቹን፣ የሸማኔዎቹን፣ የመሬት አልባዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራች። ድምፏ እየሰለለ ሄዶ በመጨረሻው ስም ላይ ጠፋ። ምንጩ ፈንድቶ በየማሳቸውና በየደጃቸው ጎረፈ።

«የራስሽንስ ማን ይጥራልሽ?» አለ ደርጎስ።

«እኛ!» አለች ጌራ። ቀንዱን እንኳ አልነካችም፤ ሕዝቡ ሁሉ ከእሷ ጋር «ዛምራ!» ብሎ ጮኸ። ውኃው ደርጎስን እስከ ጉልበቱ አርሶ፣ ዛምራ ወደቆመችበት ደረቅ መሬት ታጠፈ።

ዛምራ «አቤት» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እያለቀሰች እጇን አነሣች።