ጀርባው ላይ የተጨመረችው መስመር

መምህር ገላና ለልብ ወለዱ ጀርባ ሽፋን የሚሆን «አጭር» ጽሑፍ ብሎ ሦስት ገጽ ይዞ ሲመጣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በምሠራባት ጽሕፈት ቤት ልብ ወለዱን ምዕራፍ በምዕራፍ ስተይብለት አራት ወር ሆኖኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ከነገርካቸው መጽሐፉን ለምን ይገዙታል?»

«እና ምን ልበል?»

«ልጁ መምህር ነው፤ ልጅቷ ታይፒስት ናት። ይወዳታል፤ ሽማግሌ መላክ ግን ይፈራል። እዚያ ላይ አቁም። መጨረሻው አይነገርም።»

ልጅቷ እኔ መሆኔን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ሻሿ እንኳ የእኔ ነው።

አብረን ጻፍነው፤ ሰባት መስመር። የመጨረሻዋ የእኔ ናት፦ «ይናገር ይሆን?» ተይቤ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብሎኝ ወጣ። ምስጋና ብቻ!

በሳምንቱ የመጨረሻውን ምዕራፍ አመጣ። መምህሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደ ጊምቢ ተዛውሮ ይሄዳል። መልሱ ይኸው ነው አልኩ። እያለቀስኩ ተየብኩት፤ የረሳትን አራት ነጥብ እንኳ ጨመርኩለት። ታይፒስት የተሰጣትን ትተይባለች እንጂ የሰው ታሪክ አትነካም።

በዚያው ሰሞን የጫንያለው ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ መጡ። ጫንያለው እንደኛው ከኪራሙ ተፈናቅሎ አኖ ከተማ ላይ ሱቅ የከፈተ ደህና ሰው ነው።

«ምን ትያለሽ ሸዋዬ?» አለኝ አባቴ።

«እንደፈቀድክ አባዬ።»

ለገላና ስነግረው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«እኔ እኮ ‹ቀይረው› እንድትዪኝ ነው መጨረሻውን እንደዚያ የጻፍኩት።»

«አፍ የለህም? ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አባትሽ ኪራሙ ላይ ያን ሁሉ አይተው መጥተው የእኔን፣ የኦሮሞውን ልጅ፣ ሽማግሌ ይቀበላሉ ብዬ አላሰብኩም። አንቺ ቀይረው ካልሽኝ ግን እደፍር ነበር።»

«አሁን አባቴ ቃሉን ሰጥቷል፣ ገላና።»

ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል እንደማይታጠፍ እሱም ያውቃል። ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ። እኔም ልቤ እየተቃጠለ የሌላ ሰው ማመልከቻ መተየብ ጀመርኩ።

ባለፈው ሚያዝያ ከባለቤቴ ጋር አኖ መናኸሪያ ቆመን ሳለ አንድ አዟሪ መጽሐፍ ዘርግቶ ነበር። ጫንያለው አንዱን አንስቶ ጀርባውን አነበበና ሳቀ።

«መጨረሻውን ጀርባው ላይ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሞኝ ነው? ማን ይገዛዋል?»

ከእጁ ተቀበልኩት። ሰባቱ መስመሮች እንዳሉ ናቸው። ከ«ይናገር ይሆን?» ሥር ስምንተኛ መስመር ተጨምሯል፦ «አልተናገረም።»

«እኔ እገዛዋለሁ» አልኩት።