ምሳ ሰዓት ላይ የተዘጋው በር

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ መካኒክ ኮፈኑ የተከፈተ ነጭ መኪና ፊት ለፊት በጀርባው ተዘርግቷል። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለው ነበር፤ ሞተር ሳይፈታ በማዳመጥ ብቻ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነዋ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የጎረቤት መዶሻ ጋብ ሲል፣ የጋራዡን በር ዘግቶ ማዳመጥ ልማዱ ነበር። ጭሱ ታዲያ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ጋር በሚታሰር የጎማ ቱቦ፣ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ቀን ግን ቱቦው ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የማሰሪያው ቀለበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ሰባት ሰዓት ግድም በጭስ ታፍኖ ሞቷል አለ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው እብጠትም ሲወድቅ የተመታው ይሆናል ብሎ ገመተ።

ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ቱቦውን የገጠመችው የሟቹ ልጅ ናት፤ ሥራውንም ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ጎማ ላይ ኩርምት ብላ አባቴን ገደልኩት ትላለች።

«ያጠበቅኩት ይመስለኝ ነበር» አለች። «ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ ሳየው ግን ራሴን ማመን አቃተኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ ነው የምኖረው?»

መርማሪዋ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ከዚያ በርከክ ብላ የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ዙሪያውን የዞረ ስርጉድ መስመር አለበት።

«መቼ የተገዛ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት። ገጥሜው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ልገዛ ወጣሁ።»

ቀጥሎ የጠየቀችው የልጅቷን አጎት ነበር፤ የእናቷ ወንድምና የጋራዡ ሸሪክ ነው። ከልጅቷ በኋላ ወዲያው ወጥቶ ቤቱ በልቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ፣ አስር ሰዓት ላይ እንደተመለሰ ነገራት።

«በር ላይ ሆኜ ሞተሩ ቋ ቋ ሲል ሰማሁ» አላት። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ተጥዶ ዋለ ብዬ ስገባ ወድቋል። ሮጬ አጠፋሁት። ልጅቷን ተያት በናትሽ፤ ማንም ይረሳል።»

አባባሉ ደግ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መርማሪዋን ግን ቆረቆራት።

የመኪናው ባለቤት አዋላጅ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ሞተሯን ከስድስት ወር በፊት ያደሰው አጎትየው ነበር። ሰሞኑን ጠዋት ስታስነሳው ያንኳኳል፤ ሆስፒታል ስትደርስ ግን ጸጥ ይላል። ይህንን ትናንት ማታ መኪናውን ስታመጣ ለጆሮ ብቻ ነው የነገረችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ማንም ሳይነካው ይቀዝቀዝ፣ ያኔ አዳምጠዋለሁ አላት።

መርማሪዋ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«መጀመሪያ ቱቦው» አለች። «አዲስ ጎማ ላይ እንዲህ ያለ ስርጉድ የሚወጣው ቀለበቱ ጠብቆ ከታሰረ ብቻ ነው። አንቺ አስረሽዋል። ከሄድሽ በኋላ የፈታው ሌላ ሰው ነው።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

መርማሪዋ ቁልፉን ለሲስተር ሰጠቻት። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረው ሞተር ተነሳና ቋ ቋ ይል ጀመር። አራቱም ቆመው አዳመጡ። መርማሪዋ ከመኪናው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መኪናው ትመላለሳለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

«ጆሮ የሞተው ሰባት ሰዓት ግድም ነው» አለች ወደ አጎትየው ዞራ። «ከዚያ ወዲህ ሞተሩን የነካው የለም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆይቷል። ታዲያ እርስዎ አስር ሰዓት ላይ የቱን ቋ ቋ ነው የሰሙት? ድምፁ የሚሰማው መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። ሲነሳ እዚህ ነበሩ ማለት ነው።»

«አይሆንም!» አለ ሰውየው። «የብሮንዚና ድምፅ ሞተሩ ሲሞቅ ይብስበታል እንጂ አይጠፋም።»

«ብሮንዚና ነው ያለዎት ማነው?»

ሰውየው ጎማው ላይ ዝርፍጥ አለ። ሞተሩን ሲያድስ ክራንኩን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የሚሸከመውን ብሮንዚና በአዲስ ፋንታ ያገለገለ እንደገጠመበት ተናዘዘ። ጆሮ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ይዞት፣ ሁለተኛ ከደገምከው አብረን አንሠራም ብሎት ነበር። ትናንት ሞተሩ ሲያንኳኳ ጉዴ ፈላ አለ፤ ሊለምነው ቢሞክር ጆሮ ዝም በል አለው። አጎትየው ገፈተረው። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወለሉን መታ፤ ራሱን ሳተ እንጂ ትንፋሹ ነበረች። ያኔ ቀለበቱን ፈትቶ፣ ልጅቷ የረሳችው እንዲመስል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። አስር ሰዓት ላይ ተመልሶ ሞተሩን ሲያጠፋም ከድንጋጤው ድምፁን ልብ አላለም።

ልጅቷ ረጅም ካቻቢቴ አነሳችና ጫፉን ሞተሩ ታችኛው ክፍል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ያንኳኳው ፒስቶኑ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስላረጀ ሲቀዘቅዝ ያንኳኳል፤ ምንም አይጎዳም። ብሮንዚናው ደህና ነው፣ ጋሼ። አባባ ዝም በል ያለህ ሊያዳምጥ ብሎ ነበር።»

አጎቷ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ፖሊሶቹ ይዘውት እስኪወጡም ደጋግሞ ጠየቃት፤ እሷም በጠየቃት ቁጥር ደህና ነው አለችው።