ስህተት የሌለበት ኮፒ

ማክሰኞ ነበር። አምስት ሰአት ተኩል። ሶስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈተው የስብሰባ ክፍል።

ስድስት አመት አልፎታል። የተናገረው ሰውዬ ረስቶታል። የተነገረው አልረሳም።

ያኔ ጌም ሞካሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጆይስቲክ ይዞ የሌላ ሰው ስህተት መልቀም ነው ስራው። ድርጅቱ ለኮንሶል የሰራውን ጌም ለኮምፒውተር ሊያወጣ ሲጣደፍ፣ እሱ አንድ ገጽ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ «ክቡን ቁልፍ ተጫን» ይላል፤ ኪቦርድ ላይ ክብ ቁልፍ የለም፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ክብ ቁልፍ ሲፈልግ ሊውል ነው። ይኸው ነው የጻፈው።

ስራ አስኪያጁ ነገሩን አላነበበም። ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ፊደሉን አረመ። ከዚያ ወረቀቱን ለአስራ አንድ ሰው ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አንድ ገጽ ላይ አስራ አራት የፊደል ስህተት። ሥራ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ የማያውቅ ሰው ስለ ሥራዬ ሊነግረኝ ነው። ሂድና መጀመሪያ ፊደል ቁጠር፣ አንተ።»

ዘጠኙ ሳቁ። አንዱ አሳለ። አንዷ አቀርቅራ ጠረጴዛውን አየች። ቆጥሯቸዋል።

አርብ ከስራ ተባረረ። ጌሙ ወጣ። ገዢዎቹ ክብ ቁልፍ ፈልገው አጡና መለሱት። «ልክ ነበርክ» ብሎ የደወለለት ሰው ግን የለም።

ዛሬ እዚያው ህንጻ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ መሰላል ላይ ቆሟል። ሰማያዊ ቱታ። ደረቱ ላይ የኤሲ ጥገና ድርጅት ስም። ኪሱ ውስጥ የሱ ያልሆነ መታወቂያ። የምስጢር ስሙ «ካቻቢቴ»።

ጢም እንኳ አላሳደገም። ምን አደከመው። ስራ አስኪያጁ በሶስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ከስሩ አልፏል። አንዴ «መሰላልህ መንገድ ዘጋ» ብሎታል። ፊቱን ግን አላየውም። ቱታ የለበሰ ሰው ለሱ ፊት የለውም።

ይህንንም ያዘለት።

«አሁንም አልበረደም?» አለች በመሰላሉ ስር ያለፈች ሴት።

«ማጣሪያው ቆሽሿል» አላት።

የተስማሙበት ቃል ነው። አደጋ ቢኖር «ጋዝ ጨርሷል» ይላት ነበር።

ያን ማክሰኞ ጠረጴዛውን ያየችው እሷ ናት። አሁን የሞካሪዎቹ አለቃ ሆናለች። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከሊፍቱ ሲወጣ አወቀችው። ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ጠየቃት። በሶስተኛው እሺ አለች። የሞካሪዎቿ ሪፖርት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ሲታሸግ ስላየች እንጂ፣ ስለሱ ብላ አልነበረም።

የጫማ ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አለችና ማህደሩን የመሳሪያ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

«የሽያጭ ግምቱ ሰባት ኮፒ ነው ያለው። አራተኛው የኔ ነው፣ ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ስምንት ሰአት ላይ ጸሀፊዋ ትሰበስበዋለች።»

«ሰባት ተኩል ላይ እጅሽ ይገባል።»

«እቤት ደሞዝ የሚያገባ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እሱን እወቅልኝ።»

«ሰባት ተኩል አልኩሽ እኮ።»

ቀና ብላ አየችው። «ከስተሃል» አለች።

«መሰላል መውጣት ነው።»

ልትስቅ ነበር። ሰው መጣ። ሄደች።

ስራው ቀላል ነበር፣ ለሰሚው። ድርጅቱ ሶስት የኮንሶል ጌሞቹን ወደ ኮምፒውተር ሊያመጣ ነው። የማከፋፈል መብቱን አንዲት ትልቅ አከፋፋይ ልትገዛ ነው። «በመጀመሪያው አመት ሶስት ሚሊዮን ኮፒ ይሸጣል» ብለዋታል። ሴትዮዋ ስትነግድ የሸበተች ናት፤ አላመነችም። የመረጃ ቢሮ ቀጠረች፤ ቢሮው ካቻቢቴን ላከ። «እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ቁጥር አምጡልኝ። ከመፈረሜ በፊት» አለች።

ፊርማው ዛሬ ነው። ስምንት ሰአት ተኩል።

የኤሲ ማሽኑ ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከስራ አስኪያጁ ቢሮ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መሰላሉን ይዞ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ማህደሩን ከፈተ።

ሶስት መቶ አስር ሺህ።

ደግሞ አነበበው። ሶስት ሚሊዮን ያሉት ሶስት መቶ አስር ሺህ ነው። ከስሩ የሞካሪዎቹ ቃል ሰፍሯል፤ ጌሞቹ ከተሞከሩባቸው አስር ኮምፒውተሮች ውስጥ ሳይንተፋተፉ የሰሩት በሶስቱ ላይ ነው።

ደስ አለው። ለረጅም ጊዜ ደስ ብሎት ስለማያውቅ ቁጥሩን ሶስተኛ ጊዜ አነበበው።

ስልኩን አወጣ። ከቢሮው ሆኖ የሚያሰማራው ሰው የምስጢር ስም «አጎት» ነው። የማንም አጎት አይደለም። ሰው ሲያዝ ከሩቅ ሆኖ «አይዞህ» የሚል ሰው ነው።

«አጎት።»

«ደረሰህ?»

«እጄ ላይ ነው። ቁጥሩ ሶስት መቶ—»

«ቁጥሩን ተወው። ፎቶ አንስተህ ላክ። እያንዳንዱን ገጽ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታይ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ የፈለገችው ቁጥር ነው። ፊደል ምን ያደርጋል?

ወረቀቱን መብራት ስር ያዘው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድም ሠ ሳያይ አልፎ አያውቅም። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ፣ የመድሃኒት ብልቃጥ ላይ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር ያያል። ሌላው ሰው የሚያነበው ቃል ነው። እሱ የሚያነበው ፊደል ነው። ስድብ ያስተማረውን ትምህርት ቤት አላስተማረውም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አራተኛው መስመር፤ «በመጀመሪያው ዓመት»። በዓይኑ ዐ።

አምስተኛው መስመር፤ «በሁለተኛው አመት»። በአልፋው አ።

ስድስተኛው ላይ እንደገና በዓይኑ።

ያ ሰውዬ እንዲህ ያለ ነገር አያሳልፍም። ለዚህ ሰው ያባርራል። እያወቀ ካልተወው በቀር።

እያወቀ ነው የተወው።

በየኮፒው ላይ የተለያየ ፊደል አሳስቷል። ፎቶው እጁ ከገባ፣ ወረቀቱ ከማን እንደወጣ ባንድ ፊደል ያውቃል። ፎቶውን ደግሞ የጠየቀው አጎት ነው።

ደወለ።

«ካሜራው ደብዝዞብኛል» አለ።

«ሌንሱን ጥረገው።»

ከስልኩ።

«ሌንሱን ጥረገው።»

ያው ድምጽ፣ ከአየር ቱቦው።

ስልኩን በቀስታ ዘጋ። በካቻቢቴ የቱቦውን ክዳን ሁለት ብሎን ፈታ። ድምጹ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከስራ አስኪያጁ ቢሮ፣ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«ይልካል?» አለ ስራ አስኪያጁ።

«ይልካል። ታዛዥ ነው።»

«ከላከ ሌባው ማን እንደሆነ ባንድ እይታ ነው የማውቀው። ስድስቱ ኮፒ ላይ የየራሳቸው ስህተት አለ።»

«ያንተ ላይስ?»

«የኔ ላይ?» ስራ አስኪያጁ ሳቀ። «እኔ ስህተት እጽፋለሁ እንዴ?»

«ለሴትዮዋ ሶስት ሚሊዮኑ ትክክል ነው እላታለሁ» አለ አጎት። «ልጁን ደግሞ ታች ጥበቃዎቹ ይቀበሉታል። እኔ አላውቀውም።»

«ምን አይነት ሰው ነው?»

«ምንም። መሰላል የሚሸከም ሰው።»

ካቻቢቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሰባት ተኩል ሆነ። መውጣት አልቻለም። የማሽኑ ክፍል በር የሚከፈተው ከቢሮው ፊት ለፊት ነው፤ አጎት ደግሞ ፊቱን ያውቀዋል። ሰባት ከአርባ። ታች፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ሴት ሰአቷን እያየች ነው።

ስምንት ሰአት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ወንበር ተገፋ። «ልቀበላት ልውረድ፤ አንተ እዚያ ማዶ ክፍል ጠብቅ» አለ ስራ አስኪያጁ። በሩ ተቆለፈ። እርምጃው ራቀ።

ማህደሩን ብድግ አደረገ። ሶስት ደቂቃ ወደታች። ይደርሳል።

ቆመ።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ስህተት የሌለበት አንድ ኮፒ አለ። እሱ ኮፒ ከወጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሩ ተቆልፏል፤ መግቢያው በኮርኒሱ ነው። ስምንት ደቂቃ። ስምንት ሰአት ላይ ጸሀፊዋ መሰብሰብ የምትጀምረው ከዚሁ ቢሮ ነው።

ወይ ወደላይ፣ ወይ ወደታች።

ሶስተኛ ፎቅ ስለምትጠብቀው ሴት አሰበ። እውነቱን ነው፣ አሰበ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ታየው።

መሰላሉን ዘረጋ።

ኮርኒሱ አቧራ ነበር። በክርኑ ተሳበ። አንዱን ሰሌዳ አነሳ፤ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ጥግ ጥጉን ይዞ ተደርድሯል። ማህደሩ ላይ «ኮፒ ቁጥር አንድ» የሚል ማህተም፣ ከስሩ ፊርማ። አንስቶት ጠረጴዛውን ረግጦ ወደ ኮርኒሱ ሲወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ የሴት ጫማ ቀጨ ቀጨ ሲል ተሰማው።

ቁልፍ ገባ።

እግሩን ሳበ። ሰሌዳውን መለሰ። በሩ ተከፈተ።

ስምንት ሰአት ከሩብ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ጤነኛውን ኤሲ ይፈታ ነበር። በእንግዳዋ ወንበር ፊት የቆዳ ማህደር ተቀምጧል። ውስጡ ውል አለ። ከውሉ በላይ ደግሞ ኮፒ ቁጥር አንድ።

ገቡ። ስራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላት። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገችና ማህደሩን ከፈተች። አነበበች። ገጽ ገለጠች። ደግሞ አነበበች።

«ሶስት ሚሊዮን ነበር ያሉኝ።»

«አዎ። በትንሹ።»

«እዚህ ሶስት መቶ አስር ሺህ ይላል።»

ስራ አስኪያጁ አንገቱን አሰገገ። ወረቀቱን ሲያየው ከንፈሩ ነጣ። «ይሄ... የተሳሳተ ወረቀት ነው።»

«ፊርማዎ አለበት። ደግሞ እስካነበብኩት ድረስ፣ አንድም ስህተት የለበትም።»

የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። ቀጭ አለ። በዚያችው ቅጽበት አጎት፣ የተባለበት ሰአት ደርሷል ብሎ፣ ፈገግ እንዳለ በሩን ከፍቶ ገባ።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሰራሉ?» አለችው። «ጠዋት ስደውል ቢሮዬ ነኝ አላሉኝም?»

የአጎት አፍ ተከፈተ። አይኑ ወደ መሰላሉ ወጣ። አየው። ግን ምን ይበል? «አውቀዋለሁ» ካለ አለቀለት። «አላውቀውም» ካለም አለቀለት።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ማንም አልሸኛትም።

ስራ አስኪያጁ ዞረ። ካቻቢቴ ለዚህ ሰአት ስድስት አመት ሙሉ አንድ ንግግር ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሻወር ስር ደጋግሞታል። አውቶቡስ ውስጥ አጥንቶታል። አይን ለአይን ተያዩ።

«አንተ ምን ታያለህ? መሰላልህን ይዘህ ውጣልኝ።»

አላወቀውም። አሁንም አላወቀውም።

መሰላሉን ይዞ ወጣ።

የጽዳት እቃ ክፍል ውስጥ ቱታውን አወለቀ። ሲም ካርዱን ሰብሮ ሽንት ቤት ለቀቀው። ማበጠሪያ አወጣና ጸጉሩን ወደ ጎን አበጠረ። ጃኬት፣ ፌስታል። ጥበቃዎቹ ሰማያዊ ቱታና መሰላል እየጠበቁ ነው፤ ፌስታል የያዘ ሰው ማን ይፈልጋል። አራተኛው ኮፒ ፌስታሉ ውስጥ ነው።

ዋናው በር ላይ የሞካሪዎቹ አለቃ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን። ጥበቃው እቃዋን አንድ በአንድ እያወጣ ይፈትሻል። ኩባያ። ነጠላ ጫማ። የእጅ ክሬም።

«ካርድሽን እዚህ ላይ አኑሪው፣ እህቴ» አለ ጥበቃው፤ አፍሮ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

«ይገባኛል። የፈረምኩበት ወረቀት ጠፋ፣ በቃ።»

አየችው።

ሊያልፍ ሲል፣ ካርቶኑን እንደሚያስተካክል ሰው ወደሱ ጠጋ አለች።

«ጸሀፊዋን አስር ደቂቃ አቆየኋት» አለች በሹክሹክታ። «መሳቢያ ስከፍት፣ ስዘጋ። ይመጣል እያልኩ።»

ፌስታሉን ወደ ሌላው እጁ አዞረ።

«ጠብህ ከሱ ጋር ነው ከኔ ጋር?»

ጥበቃው ቀና አለ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። «ሰውየውን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። እሱን ለማስያዝ አንድ ቃል።

«አላውቀውም» አለች። ኩባያዋን ካርቶን ውስጥ መለሰች።

ፌስታሉ ከበደው። አውጥቶ «ከመሳቢያዋ የሰረቅኩት እኔ ነኝ» ቢል ነጻ ትወጣለች። ጥበቃው ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ወረቀቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ ፌስታሉ ውስጥ ነው።

«አንተስ ወንድሜ?» አለ ጥበቃው። «ታውቃታለህ?»

የመስታወቱን በር በትከሻው ገፋው። ውጭ ሰው ከምሳ ዘግይቶ እየተመለሰ ነበር፤ ጃኬት የለበሰ፣ ፌስታል የያዘ፣ የሚቸኩል ሰው። መሀላቸው ገባ።