የሄዱት አሥራ አንድ ሰዎች

ዮሳቤጥ ዘጠነኛውን ስም ጽፋ እስክሪብቶዋን ነከሰች። ለነገ ሃያ ሰው ያስፈልጋታል። መምህር ፍሰሐ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መንግሥት በሕግ ይቆጣጠረው ወይስ ይተወው?» ብላችሁ የሰፈራችሁን ሰው ጠይቁ ብለዋል፤ ከሃያ ያነሰ ያመጣ ዜሮ ነው።

ድሮ ቢሆን ሃያ ሰው ምን አላት! በስደት በሚኖሩበት በሳጃና ሰፈር ከእነሱ በር እስከ ሀሰን ሱቅ ድረስ ብቻ ሠላሳ ሐበሻ ሻይ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጦርነቱ ሰፈሩን በትኖት የተመለሰው ጥቂት ነው፤ የሌላው ቤት እንደተቆለፈ ነው። ያገኘቻቸውም ቢሆኑ አሳሯን አብልተዋታል። የሳጃና ሰው ቁጥጥር ሲባል የሚታየው ከሻ ነው፣ ወረቀት የሌለውን የሚያፍሰው የፖሊስ መኪና። እትዬ ብርቅነሽ ጥያቄውን ገና ሲሰሙ የመኖሪያ ወረቀታቸውን ከጉያቸው አወጡ። ስለ ማሽን መሆኑን ስታስረዳቸው ግን «እሱንማ ይቆጣጠሩት፤ እኛን ብቻ ነው እንዴ?» አሉ።

የክፍል ጓደኛዋ ኤልያብ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ታካብጃለሽ» አላት። «ያላ፣ የሄዱትን ሰዎች ስም ለዚህ ለስልኩ አስተውሎት ስጪው፤ መልሱን ራሱ ይጽፍልሻል።»

ሰጠችው። ስልኩ ወዲያው አሥራ አንድ መልስ ደረደረ። የመጀመሪያውን አነበበች፦ «እኔ ዓባይ፣ የመንግሥትን ቁጥጥር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። ጎረቤታቸው ጋሽ ዓባይ እኮ ቁጥጥር የሚል ቃል ከሰሙ ሻያቸውን ጥለው በጓሮ አጥር ዘለው የሚጠፉ ሰው ነበሩ! አንድ ቀንማ የአማርኛው ሬዲዮ ስለ ዋጋ ቁጥጥር ሲያወራ ሰምተው እንደጠፉ ዋሉ። ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ይህ ትዝ ሲላት ሳቋን አቆመች። ናፈቋት። አሁን ገዳሪፍ ይሁኑ መተማ የሚያውቅ የለም።

«አሪፍ አይደል?» አለ ኤልያብ።

«ጋሽ ዓባይ እንዲህ አይሉም።»

«ማን ያውቃል? እሳቸው የሉ።»

«ለዚህ ነዋ በስማቸው የማልጽፈው» አለችው።

አሥራ አንዱንም መልስ አጠፋች። ዜሮዋ ታያት፤ የአባቷ ፊትም ታያት። ቢሆንም ከዘጠኙ በታች የአሥራ አንዱን ስም በእጇ ጻፈች፤ የመልሱን ቦታ ባዶ ተወችና ከግርጌው ጨመረች፦

«እነዚህ ሄደዋል። ሲመለሱ እጠይቃቸዋለሁ።»